የናሕሴር ስም ሰጪ ድንጋይ ዝም ያለ ዕለት

ሺህ ዓመት ሲናገር የኖረው ድንጋይ በንግሥቲቱ ልጅ ፊት ዝም አለ። ካህናቱ ክው አሉ። አደባባዩን የሞላው የናሕሴር ሕዝብም ለማየት ተጋፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በናሕሴር መንግሥት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው እጁን በስም ሰጪው ድንጋይ ላይ ያኖራል። እናት ወይም አባት ደግሞ «ልጄ እንዳይፈራ» ብለው የራሳቸውን እጅ ከላይ ይደርባሉ። ያኔ ድንጋዩ በሰው ድምፅ ስሙን ይጠራል፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም ያውጃል። ድንጋዩ ካለ አለ ነው፤ ይግባኝ የለውም። የንግሥት ኤልሞዳ ሁለተኛ ልጅ ዘምራይ ግን የእናቷን እጅ በቀስታ ወደ ጎን አደረገችው።

«እናቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «ከተወለድኩ ጀምሮ ሴት ነሽ ትሉኛላችሁ። ውስጤ ግን ሌላ ይለኛል። የቱ ልክ እንደሆነ አላውቅም። ድንጋዩ ለብቻዬ ይንገረኝ።»

ድንጋዩ አልተናገረም።

ሊቀ ካህኑ ዴርጎም ፍርድ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀም። «ድንጋዩ ያልሰየመው ሰው እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። በጨው ግንብ ትዘጋ። እስከ ዘጠና ቀን ድንጋዩ ስለ እርሷ ካልተናገረ ወደ ጨው በረሃ ትሸኝ» አለ። ከዚያ በረሃ የተመለሰ ሰው የለም። ንግሥቲቱ አልተቃወመችም፤ ሕጉ የአባቶቿ ነዋ። እኔ በበኩሌ ይህን ዝምታዋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የዘምራይ ታላቅ ወንድም አልጋ ወራሹ ሳርኬል ጎራዴውን መዝዞ በሕዝቡ ፊት ማለ። «ድንጋዩን ለአባቶቻችን የሰጠው ጥንታዊው ፍጡር ጉማል በፍል ውኃው ሐይቅ ዳር ዛሬም አለ ይባላል። ሄጄ እጠይቀዋለሁ። እህቴን ሳላስፈታ ዘውድ ብደፋ የአባቶቼ አጥንት ይውጋኝ።»

ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ የቤተ መንግሥቱ መምህር ኦርናይና ጎራዴ ታጣቂዋ ቡርካት። አቤት የእነዚህ ሰዎች ንትርክ! በመንገዳቸው ባለው ሜዳ የሚኖሩት እሳት የሚተፉ እባቦች እንኳ አላስቆሟቸውም፤ እየተዋጉም ይከራከሩ ነበር።

«ሰው ማለት ሥጋው ነው» ይላል ኦርናይ። «ሥጋ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የእኛ ድርሻ ማንበብ እንጂ ማረም አይደለም።»

«ደብዳቤ ከሆነማ ለባለቤቱ ነው የተጻፈው» ትላለች ቡርካት የእባብ ራስ እየቆረጠች። «መምህር፣ እርስዎ የሰው ደብዳቤ ምን ከፍተው ያነባሉ?»

በአርባኛው ቀን የድምፆች ሸለቆ ገቡ። እዚያ ነፋሱ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ማን እንደሆነ ይነግረዋል፤ ሰውም አምኖት እዚያው ይቀራል። ቡርካት ጆሮዋን በሰም ደፈነች፤ ምንም አልጠቀማትም፤ ድምፁ ከውስጧ ነበር የሚመጣው። ኦርናይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ደንቆሮ ነህ የሚለኝ ድምፅ የራሴ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ለካስ የአባቴ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።» ሳርኬል ደግፎ አነሣው። ሽማግሌው እንባውን እየጠረገም ክርክሩን አልተወም። «አየህ ልጄ፣ ከውስጥ የሚመጣ ሁሉ የራስ አይደለም። እህትህም ልትሳሳት ትችላለች።»

«እኛስ?» አለች ቡርካት። ኦርናይ ልብሱን አራግፎ ከሸለቆው ወደሚያወጣው መንገድ አቀና።

ከሸለቆው ማዶ በሐይቁ ዳር ያገኙት ጉማል ቁመቱ የዋርካ ያህል ነበር። ላባው መዳብ ነው፤ ዓይኖቹ በእርጅና ፈዘዋል። ሳርኬል ተንበርክኮ የመጣበትን ነገረው። ጉማል ድንጋዩ ላይ ስለሚያርፉት እጆች ተራ ደጋግሞ ጠየቀና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ገለበጣችሁት» አለ። «ድንጋዩ የሚያሰማው ከላይ ያለውን እጅ ሐሳብ ነው። የልጁ እጅ ከላይ፣ የወላጅ ከታች ሆኖ ወላጅ ልጁን እንዲሰማ ነበር የሠራሁት። እናንተ ሺህ ዓመት ራሳችሁን ስትሰሙ ኖራችሁ። ሰሚ ከሥር ከሌለ ደግሞ አይናገርም። ተጠንቀቅ፤ እያወቀ ሐሰት የሚያናግረው ሰው ይሰብረዋል።»

በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ሳርኬል አደባባዩ መሐል ቆሞ የሰማውን ሁሉ ተናገረ። ዴርጎም ሳቀበት። የእጆችን ተራ መለወጥ ክህደት ነው ብሎ ዘምራይን ከግንቡ እንዳያወጧት ዘበኞቹን አዘዘ። ድንጋዩን የሰበረ አልጋ ወራሽም ቢሆን ማዕረጉን እንደሚያጣ ሕጉ ይላል። ሳርኬል ይህን አሳምሮ ያውቃል። መንገሥን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከልቡ ይመኘው ነበር። ቢሆንም የዴርጎምን እጅ ይዞ ድንጋዩ ላይ ጫነ፤ የራሱንም ከላይ ደርቦ ስለ ዴርጎም እያወቀ ሐሰት አሰበ።

«ስምሽ ሊምራ ነው፤ ሴት ነሽ» አለ ድንጋዩ ጮክ ብሎ።

«ሐሰት ነው» አለ ዴርጎም ፊቱ አመድ መስሎ። «ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ሥጋዬ ይመሰክራል፣ ነፍሴም ታውቃለች።»

«ሁለቱ ባይስማሙብህስ ኖሮ?» አለ ሳርኬል። «በጨው ግንብ ብንዘጋህ ይገለጥልህ ነበር?»

ዴርጎም እጁን ከድንጋዩ ላይ መነጨቀ። በዚያች ቅጽበት ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ንግሥት ኤልሞዳ ከዙፋኗ ወርዳ የግንቡን ቁልፍ ከዘበኛው ነጠቀች። ከዚያም ሕጉ ነውና የወራሽነቱን አክሊል ከልጇ ራስ ላይ በገዛ እጇ አነሣች። እያለቀሰች ነበር። ኦርናይ የሳርኬልን ግንባር ስሞ «በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ» አለው፤ «ግን ልጅቱ ከዚያ ግንብ ትውጣ።»

ሳርኬል ግንቡ ውስጥ ሲገባ ዘምራይን ከጨው ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አገኛት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ከእንግዲህ የሚነግርሽ ድንጋይ የለም» አላት። «እኔ ግን ልሰማሽ መጥቻለሁ።»

«ለእኔም ገና አልጠራልኝም» አለች። «እስኪጠራልኝ ቢረዝምስ?»

«ዙፋን የለኝ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። «የት እሄዳለሁ?»