መቀስ እና የቅዳሜው ሚዛን

«ዋጥ አድርገው እንጂ፣ አንተ ግትር!»

ልጅቷ ጫጩቱን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ፣ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ በምንቃሩ ጎን አስገባችና የራሰውን መኖ ገፋችው። ዋጠ። ከዋጠ አይቀር ብላ ደገመችው፤ ከዚያ ሠለሰችው። ከጉሮሮው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት እንደ ፊኛ ተወጠረ።

«ሚዛኑ ተሰቅሏል! የቀረ ካለ አምጡ!» አለች እናቷ ከጓሮ።

እናቷ ለሥጋ የምታሳድጋቸውን ዶሮዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ትመዝናለች። የጨመረ ይሰነብታል፤ ያልጨመረ መኖ እንዳይፈጅ በዚያው ቀን ይታረዳል። በዚህ ሕግ ዘመድ አይታወቅም።

ጫጩቱ መቀስ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከምንቃሩ ነው። የላይኛው ወደ ቀኝ፣ የታችኛው ወደ ግራ ዞረው፣ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት አይገናኙም። ከእንቁላል ሲወጣ እምብዛም አያስታውቅም ነበር፤ እሱ ሲያድግ ጠማማነቱም አብሮ አደገ። እናቷ «እኔ ዶሮ ቤት እንጂ ሆስፒታል አልከፈትኩም» ብላ ልታስወግደው ስትል፣ ልጅቷ «እኔ አበላዋለሁ፤ ካልጨመረ የፈለግሽውን አድርጊ» አለቻት። ቃሉን የገባችው እሷ ነች፤ የሚውጠው ግን መቀስ።

«ዶክተር፣ በሽተኛሽ መጣ?» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ከሚዛኑ የተንጠለጠለውን ባልዲ እያስተካከለ።

መቀስ ባልዲው ውስጥ ገባ። እናቷ ቁጥሩን አይታ ደረቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ጨምሯል። ግን ይገርማል፤ ስነካው አጥንት፣ ስመዝነው ሥጋ!»

«እንደ አክስቴ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው» አለ ወንድሟ።

ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ትንሽ ዘግይታ።

ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ስታወርደው መቀስ አንገቱን አስረዝሞ አፉን ከፈተ። ትንፋሹ አረፋ እየሠራ ኮር ኮር አለ፤ የራሰው መኖ በአፍንጫው ተመለሰ። ጭንቅላቱን ወደ ታች ደፍታ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ከብዙ ማሳል በኋላ ተረፈ፤ ተረፈ ከተባለ።

ከሰዓት በኋላ ሲሪንጁን ይዛ ስትመጣ ሲያያት ሮጦ ጥግ ገባ። በፊት እንደዚያ አልነበረም፤ ጫማዋ ላይ ወጥቶ ነበር የሚቀበላት። እጇን ስትሰድለት ግድግዳውን ተጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

እሷ ራቅ ስትል ወጥቶ ወደ መኖው ሄደ። በምንቃሩ ጫፍ ይነካዋል፤ መኖው በመሃሉ ሾልኮ ይፈሳል። እንደገና ይነካል። እንደገና ይፈሳል። እሱ ያፈሰሰውን ሌሎቹ ከእግሩ ሥር ለቀሙት። እስኪመሽ ድረስ ሥራውን አልተወም። እሷም ቆማ አየችው፤ የቤት ሥራዋ ሳይሠራ ቀረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲሪንጁን አልነካችውም። የራሰውን መኖ በጣቷ እየያዘች አቀረበችለት። የሚችለውን ወሰደ፤ ሲበቃው ፊቱን ሲያዞር ተወችው። የሚችለው ትንሽ ነበር።

ቅዳሜ ሳትጠራ ይዛው መጣች።

«አብልተሽዋል?» አለች እናቷ።

«የፈለገውን ያህል።»

ባልዲው እምብዛም አልወረደም። ወንድሟ አፉን ከፈተና ቀልዱን መልሶ ዋጠው።

«ባለፈው ቅዳሜ የመዘናችሁት እሱን አይደለም» አለች ልጅቷ። «እኔ የጠቀጠቅኩበትን መኖ ነው።»

እናቷ ቢላዋውን ከመደርደሪያው አወረደች፤ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረች።

«በይ አንቺ ግቢ። ወንድምሽ ይይዘዋል።»

«መቀስ እሱን አያውቀውም፤ ይደነግጣል። እኔ ልያዘው።»

እናቷ አየቻት፤ ልትቆጣ ይሁን ልታባብላት ያልቆረጠች ትመስላለች።

«እንግዲያው ጠበቅ አድርጊው» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ተንበርክካ ክንፎቹን በሁለት እጇ ሰበሰበች። ጠበቅ አላደረገችውም፤ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ያዘችው።