እንዳንጠፋፋ

አቶ እንግዳ የሞቱት ካፖርት ለብሰው ነው። ወሩ ሚያዝያ፣ ቦታው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ፀሐይዋም ገና ያልበረደች ነበረች።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ሮም አስተምረው ሮምን አይተው አያውቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተሾመችን፣ ልጆቻቸውን ሚሳኤልንና ቲናን፣ የቲናን ባል ቴዎንም አስከትለው ሮምንና ፍሎረንስን ለጥቂት ቀን ሊጎበኙ ቆርጠው ነበር። ከቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ልምምድ አስፈለገ።

በልምምዱ ሁሉም ከአንድ የመርካቶ ሱቅ የተገዛ አንድ ዓይነት ጥቁር ካፖርት ይለብሳል፣ ሻንጣውን ይይዛል፣ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ብሎኩን ዞሮ ይመለሳል። ካፖርቱ አንድ ዓይነት የሆነው፣ አቶ እንግዳ እንዳሉት፣ «በሰው አገር እንዳንጠፋፋ» ነው። ውጭ አገር በሚያዝያም ይበርዳል ብለው ያምኑ ነበር፤ የሄደ ስላልነበረ የሚከራከራቸው አልተገኘም። ጎረቤቱ በየመስኮቱ ቆሞ አየ። አንዳንዱ በዚያው የሚሄዱ መስሎት እጁን እያወዛወዘ ተሰናበታቸው።

ከልምምዱ ሲመለሱ አቶ እንግዳ ከደረጃው መታጠፊያ ወደ ታች ወደቁ። የብሎኩ ጥበቃ በንቲ ሮጦ ሲደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። «ቁልፉን ነቅያለሁ» አሉት። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

ምክትል ኢንስፔክተር አያንቱ ዱጉማ ከቀብሩ ማግስት መጣች። አጭር፣ አረማመዷ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። የለበሰችው ግራጫ ሹራብ ከእሷ ጋር ብዙ ወንጀል ያየ ይመስላል። አለቃዋ ሐሳቡን ጨርሷል፤ ገፍትሮ የጣላቸው ልጃቸው ሚሳኤል ነው፣ ነገ ጠዋት ይያዝ ብሏል። በልምምዱ መሐል ሚሳኤል «አባዬ፣ አንተ እኮ ሳትሞት አታርፍም» ብሎ መጮሁን ብሎኩ በሙሉ ሰምቷል። አባቱ ሲወድቁም ቤት ውስጥ አልነበረም።

ወይዘሮ ተሾመች ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጡ የአያንቱን እጅ ያዙ።

«ባሌን ቀብሬ መግባቴ ነው። ልጄን ደግሞ ከወሰድሽብኝ ይህን ሁሉ ካፖርት ማን ይለብስልኛል?»

አያንቱ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሚሳኤልን ወደ ጓዳ ጠራችው። አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል።

«የት ነበርክ?»

«ከብሎኩ ጀርባ ሲጋራ ሳጨስ።»

«ማን አየህ?»

«አባዬ እንዳያየኝ ነበር የተደበቅሁት። ማንም አላየኝም፤ ተሳክቶልኛል።»

ቲና ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት እንደነበረች ተናገረች። ጎፋ ላይ ፀጉር ቤት ያለው ባሏ ቴዎ ደግሞ ውኃ የመጣበት ቀን ስለነበር ገላውን ሲታጠብ ነበር። የውኃውን ድምፅ ቲና ሰምታለች። ቧንቧ ግን ሰው ኖረም አልኖረም እኩል ይጮኻል።

ሻንጣዎቹ እንደ ተሰናዱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አያንቱ አስከፈተቻቸው። የወይዘሮ ተሾመች በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ነው። «እማዬ ጣልያን ምግብ እንዳለ አታምንም» አለች ቲና። የሚሳኤል ሁለት ጂንስና አንድ የኳስ ማሊያ ብቻ ነው። የቴዎን ሻንጣ ለማንሳት ግን አያንቱ ሁለት እጅ አስፈለጋት። ሁለት ቶንዶስ፣ መቀስ በየዓይነቱ፣ ማበጠሪያ፣ ለደንበኛ አንገት የሚታሰር ሽርጥ።

«ለአጭር ጉብኝት?»

«የቤተሰቡን ፀጉር ላስተካክል ነዋ።»

«ሟች ራሰ በራ አልነበሩም?»

«ጢም ነበራቸው» አለ ቴዎ።

የቀረው የቁልፉ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ስለዚያ ቁልፍ ሲያወራ ሰንብቷል። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። የቤቱ ቁልፍ ግን እንደ ወትሮው በሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል እንደ ተሰካ ተገኝቷል። ሻንጣዎቹም በቁጥር የሚከፈቱ ናቸው። ቲና አባቷ በመጨረሻ ራሱን ስቶ ቀባዥሮ ነው አለች፣ ቴዎም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሲመሽ አያንቱ ምንም ሳትይዝ ተነሳች። ነገ ሚሳኤል ሊወሰድ ነው። ወይዘሮ ተሾመች እስከ በሩ ሸኟት፤ በሐዘናቸውም መሐል ዓይናቸው ሰው ላይ ጉድለት መፈለግ አልተወም።

«አንቺ ልጅ፣ ቁልፍሽ ወድቋል።»

አያንቱ ወለሉን አየች። ቦርሳዋን ከፈተች፤ የቤቷም የቢሮዋም ቁልፍ አለ።

«አልወደቀም እማማ፣ ይኸው።»

«የሹራብሽን ነው የምልሽ። ደረትሽ ላይ ያለውን።»

አያንቱ ሹራቧን ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ደህና እደሩ ማለቱንም ረስታ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። የብሎኩ ሰዎች በዚያ ደረጃ ሲሮጥ ያዩት አቶ እንግዳ ወደቁ የተባለ ጊዜ በንቲን ብቻ ነበር። አሁን አያንቱን አዩ። በንቲ ባትሪ ሲያበራላት ከደረጃው ሥር ካለው ቦይ ፍርግርግ መሐል አንድ ነገር በጣቷ አወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበች፤ በንቲም በሩ አጠገብ ቆመ። አለቃዋ የላከው መኪና ታች ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሚሳኤል ድምፁን እየሰማ ጥፍሩን ይበላል። አያንቱ አምስቱን ካፖርቶች ሶፋው ላይ አነጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ አስቀመጠች። ክሩ ላይ የተገነጠለ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ቁልፍ ከበር ይነቀላል» አለች። «ከልብስም ይነቀላል። የበሩ አልተነቀለም። አቶ እንግዳ ደግሞ አስተማሪ ናቸው፤ ያልሠሩትን ሠራሁ አይሉም። ሲገፈተሩ የገፋቸውን ሰው ካፖርት ያዙ፣ ቁልፉንም ነቀሉ። ለበንቲ የነገሩት ይህንኑ ነው።»

ሁሉም ወደ ሶፋው አየ። ከአምስቱ አንድም ቁልፍ የጎደለው ካፖርት የለም።

«ሙሉ ናቸው» አለ ቴዎ።

«ሙሉ ናቸው። ግን እዩልኝ።» የወይዘሮ ተሾመችን ካፖርት ገለበጠች። ከገበሩ ላይ፣ ከስፌቱ ግርጌ፣ አንድ መለዋወጫ ቁልፍ ተሰፍቷል። በቲናም፣ በሚሳኤልም፣ በሟቹም ላይ አለ። የቴዎን ስትገለብጥ የተቆረጠ ክር ብቻ ተገኘ። «ከፊት ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ በእጅ የተሰፋ ነው። የሌሎቹ ክር በማሽን መስቀለኛ ተሰፍቷል፣ የዚህ እንደ አጥር ቀጥ ብሏል።»

ቴዎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልምምዱ ላይ ረግፎብኝ ነው። ሰፋሁት። ወንጀል ነው እንዴ?»

«የረገፈ ቁልፍ ጨርቅ ገንጥሎ አይሄድም።»

ይህን ጊዜ ቲና ቀና አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቴዎ፣ ከተጋባን ጀምሮ ቁልፍህን የምተክልልህ እኔ ነኝ። ሱሪህን እንኳ አንድ ቀን ጠቅመህ አታውቅም። ይቺን ለምን ደበቅከኝ?»

ቴዎ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ሮም ላይ ሊጠፋ ነበር፤ ቲናን ትቶ፣ ቶንዶሱን ይዞ። አቶ እንግዳ ግን ልምምዱ ሲያልቅ የቴዎን ከባድ ሻንጣ መታጠፊያው ላይ አስቁመው አስከፈቱት። ያዩት ገባቸው። ሁላችንም እንመለሳለን ብዬ ለኤምባሲው ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አንተ ከጉዞው ትቀራለህ አሉት። ፓስፖርቶቹ በቦርሳ አንገታቸው ላይ ነበሩ። የራሱን ሊነጥቅ ታገለ፤ አልለቅም አሉ፤ ገፋቸው። ሻንጣውን ይዞ ገብቶ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆለፈ፣ ውኃውንም የዚያን ጊዜ ከፈተ።

«እንዳንጠፋፋ ብሎ ነበር እኮ የገዛው» አሉ ወይዘሮ ተሾመች፣ ለማንም ሳይሆን።

በንቲ የቴዎን ክንድ ይዞ ወረደ፤ ታች ያለው መኪና ሚሳኤልን ሊወስድ መጥቶ ሌላ ሰው ይዞ ሄደ። ሚሳኤል ሞተሩ እስኪርቅ ሰማና ሄዶ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ቲና ወደ ጓዳ ገባች፤ ማንም አልተከተላትም።

አያንቱ ስትነሳ ወይዘሮ ተሾመች ክንዷን ያዙ። የባላቸውን ካፖርት ገልብጠው መለዋወጫውን ቁልፍ በመቀስ አወጡና መርፌ ላይ ክር ሰኩ።

«እማማ፣ ሹራቡ ግራጫ ነው፤ አይሄድም።»

«ቁሚ አልኩሽ። እሱ ከእንግዲህ መለዋወጫ አያሻውም።»

ደረቷ ላይ አጥብቀው ተከሉትና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።