አሮጌውን ቨርዥን ማን መለሰው?

ነህምያ ከወንበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ደሙ በሲሚንቶው ላይ ፈስሶ በሩ ድረስ ደርሷል። የተመታበት የጄኔሬተር ማስነሻ ብረት አጠገቡ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ኢፍቱ ሬሳውን ትታ ኮምፒዩተሩ ላይ አፈጠጠች። ደም የነካው ጣት ፊደሎቹ ላይ ተመላልሶባቸዋል።

«ከገደለ በኋላ ተቀምጦ ጽፏል» አለች በሆዷ።

አሰላ ላይ ለስንዴ ገበሬዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚሠራው በዚህ ቢሮ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሬሳውን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያገኘችው እጮኛውና የሥራ ባልደረባው ሰሎሜ ናት።

«ዛሬ ምን እንደተሠራበት ልታሳዪኝ ትችያለሽ?»

ሰሎሜ የኮምፒዩተሩን መዝገብ ከፍታ ግንባሯን ቋጠረች። «አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አሮጌው ፓይተን ተጭኗል፤ ፕሮግራም የምንጽፍበት ቋንቋ ነው። ግን እኮ ነህምያ ራሱ ትናንት አጥፍቶት ነበር! ለጥቃት ያጋልጠናል ብሎ አዲሱን ቨርዥን ጫነ። የእኔ ፕሮግራም በአዲሱም ይሠራል። የባልደረባችን የሙንተሲር ግን በአሮጌው የተጻፈ ስለሆነ ቀጥ አለ።»

«ተጣሉ?»

«ኧረ! ሙንተሲር ስቆ ነው የወጣው። የተጣሉትስ ጋሽ ከዲሮ ናቸው።»

ዘበኛው ጋሽ ከዲሮ አልካዱም። «ከሥራ አስወጣሃለሁ ብሎ ሰደበኝ። ግን ወላሂ፣ እኔ ይሄን ዕቃ ማብራቱንም አላውቅ!»

ሙንተሲር ከሰዓት በኋላ ከኢተያ ተመለሰ። ኢፍቱ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከቤቴ በቀጥታ ኢተያ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ለገበሬዎቹ ፕሮግራሜን አሳየሁ።»

«ሠራልህ?»

«አዎ፣ በደንብ።»

«የሚሠራው ከየትኛው ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ነው?»

«ከዚሁ…»

«ከዚሁ!» አለች ኢፍቱ። «ትናንት ዓይንህ እያየ የቆመ ፕሮግራም ይዘህ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ገበሬ ሰብስበህ አሳየህ። ጋሽ ከዲሮ መጫን አያውቁም። ለሰሎሜ አሮጌው ምንም አያደርግላትም። አሮጌውን የፈለገው፣ መመለሱንም ያወቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ሰሎሜ ዘልላ አነቀችው። ጋሽ ከዲሮ ናቸው ጎትተው ያላቀቋት። ሙንተሲር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉሮሮውን አሻሸ።

«ሁለት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ መስመር ትእዛዝ ገደለው። ጠዋት መጥቼ ለዛሬ ብቻ መልስልኝ ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ከዚያስ?»

«ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፤ ለመጫን ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እስኪያልቅ ድረስ ይተነፍስ ነበር።»