የእሜቴ ጠብታ ሕመም

ታላቁ ጦርነት ካበቃ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ባዕዳኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከአገር ከወጡም ዐሥር ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ዘመን ነፃ የወጣ መንግሥት ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አማረው። ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የተሰጠው ቤት የባዕዳኑ ጦር ፈረስ ያስርበት የነበረ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ሁለት ሰው የሚገፋው ዓይነት፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከወለሉ ሥር የፈረስ ሽታ ይነሣል። ከጎኑ ደግሞ በዚያ ዓመት አዲስ የምርምር ክንፍ ተሠራ፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ። ርዕሰ መንግሥቱ ራሳቸው መጥተው ሊመርቁት ቀን ተቈርጦለታል።

ትምህርት ክፍሉ አራት ዘርፍ ነበረው፤ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካልና አናሊቲካል ይባላሉ። እያንዳንዱ ዘርፍ ኃላፊ አለው፤ እያንዳንዱ ኃላፊ በጉባኤው አንድ ድምፅ አለው፤ ድምፅ እኩል በእኩል ሲከፈል ሊቀ መንበሩ ይፈርዳል። ሲፈርድም ከአሮጌ ሙቀጫ የተረፈችውን የሸክላ ዘነዘና አንሥቶ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ዘነዘናዋ ካረፈች በኋላ መከራከር ነውር ነው። እንዴት ያማረ ሥርዐት ነው! ሰው ባይገባበት ኖሮ እስከ ዛሬም ባማረ።

የአናሊቲካል ዘርፍ ኃላፊ አንዲት ያላገባች ሴት ነበረች። ተማሪዎቿ «እሜቴ ጠብታ» ይሏታል፤ ፈሳሽ ሲለኩ በላያቸው ቆማ «በጠብታ! በጠብታ ልጄ፣ ምን ያጣድፍሃል?» ማለት ልማዷ ስለ ነበረ ነው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናት አባታቸውን በጦርነቱ ዘመን ተስቦ ሲወስዳቸው ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለእሷ የመጣላትን የውጭ አገር ትምህርት «እሱ ይቅደም» ብላ የለቀቀችለትም እሷው ናት። እሱ ዶክተር ተብሎ ተመለሰ፤ በክፍሉም ላይ ተሾመ። ሹመቱ ግን ስላልጸደቀለት ሁሉም «ተጠባባቂው» ይለው ነበር፤ ይህችም ቃል ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ትቈረቍረው ነበር።

የእሜቴ ጠብታ ዘርፍ አንዲት ክፉ ክፍል አለችው፤ የጋዝ ክፍል። ተማሪው ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ በውስጡ ምን ምን ብረት እንዳለ ለማወቅ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ ያሳልፍበታል፤ ያኔ አንዱ ብረት ጥቁር፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ ይዘቅጣል። ጋዙ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ክፋቱ ግን ሽታው አይደለም፤ ሽታው ምሕረቱ ነው። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ጋዙ ወጥቶ የሄደ ይመስላል። ስለዚህ እሜቴ ጠብታ በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቿን አሰልፋ «ሲሸታችሁ ሥሩ፤ ሽታው ሲጠፋባችሁ ሩጡ!» እያለች ታስጮኻቸው ነበር። ወንድሟም በልጅነቱ እንዲሁ ጮኋል።

በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የአየር መሳቢያ ነበረ። በሕንፃው ሁሉ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ያንንም ያገኘችው በየቢሮው ደጅ ጠንታ፣ የስንቱን ፊት አይታ ነው።

ምርቃቱ ሲቃረብ የኦርጋኒክ ዘርፍ ኃላፊ በጉባኤው ተነሥተው ቆሙ። ሽቶ ሳይቀቡ ከቤት ስለማይወጡ ተማሪዎች «ጋሽ ሽቶ» የሚሏቸው ሰው ናቸው።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣» አሉ፣ «ርዕሰ መንግሥቱን ያህል ሰው ጋብዘን ባዶ ግድግዳ ልናሳያቸው ነው? የአየር መሳቢያው ለጊዜው ወደ አዲሱ ክንፍ ይዛወር ነው የምለው። በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል።»

«በዚህ ክፍል ለጊዜው የሄደ ዕቃ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፣» አለች እሜቴ ጠብታ። «ጥሩው ሚዛኔ ለጊዜው ብሎ ወጥቶ ይኸው በወጣበት ቀረ። ሚዛንስ ይቅር፤ ይህ ግን የሰው ነፍስ ነው።»

የኢንኦርጋኒኩ ሽማግሌ ዐይናቸውን እንደ ጨፈኑ «እኔ ከእሷ ጋር ነኝ» አሉ። የፊዚካሉ ኃላፊ በአዲሱ ክንፍ ሰፊ ቢሮ ቃል ተገብቶላቸው ስለ ነበር ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ እጃቸውን ለጋሽ ሽቶ አነሡ። ሁለት ለሁለት ሆነ። ሁሉም ወደ ተጠባባቂው ዞረ።

በጉባኤ እኅትና ወንድም የሚነጋገሩት በአንቱታ ነበር። «ክቡር ሊቀ መንበር፣» አለች እኅቱ፣ «እርስዎ ያችን ክፍል ያውቋታል። እዚያው ነው የተማሩት።»

ተጠባባቂው ቀና ብሎ አላያትም። «ወይዘሪት፣ አስተያየትዎን ሰምተናል፣» አለና ዘነዘናዋን አሳረፋት።

ወይዘሪት! ይህን ያላት ያሳደገችው ልጅ ነው። በማግስቱ የአየር መሳቢያው ተነቀለ፤ በስፍራው የቀረውን ቀዳዳ በሰሌዳ ደፈኑት።

የሚኖሩት ባንድ ግቢ ነበር፤ እሱ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር በፊተኛው ቤት፣ እሷ በጓሮው። ከሥራ መልስ እሷ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ መጣ፤ እዚህ አንቱታ የለም።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«መቀየም አይገልጸውም። የምርቃቱ ለት ልምምድ እንዳይኖር አድርግ፤ ሌላ አልጠይቅህም።»

«እሱማ አይሆንም። ርዕሰ መንግሥቱ ተማሪዎቹ ጋዝ ክፍል ሲሠሩ ያያሉ ተብሎ መርሐ ግብሩ ወጥቷል።»

«እንግዲያው እኔ አልገባም፤ የኔንም ልጆች አላስገባም። ስታሳይ ምን እንደምታሳይ አያለሁ።»

«ተረጂኝ እንጂ፣ ተጠባባቂ፣ ተጠባባቂ ሲሉኝ ስንት ዘመኔ! ይቺ አንዲት ቀን ካለፈች ይጸድቅልኛል። ካልገባሽ ራሴ እገባለሁ።»

«አንተ?» ብላ ሳቀች። «ያንን ጋዝ ዕቃ ከነካህ ስንት ዓመትህ! ቧንቧው እንኳ ሲከፈት እንዴት እንደሚይዝ አታውቅም።»

«ያስተማርሽኝ አንቺ፣» አለና ትከሻዋን ነካ አድርጓት ሄደ።

እሷም ፈርቶ ይተወዋል ብላ ልቧን ጣለች። ወንድሟን አሳምራ የምታውቀው መስሏት ነበር፤ ሹመት ያማረውን ሰው ግን ገና አላወቀችውም።

የምርቃቱ ዕለት ማለዳ ጠባቂዎች መጥተው ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት ሁሉ እንዲዘጋና ከውጭ እንዲቀረቀር አዘዙ፤ ለርዕሰ መንግሥቱ ደኅንነት ነው። የጋዝ ክፍሏ መስኮት አንድ ናት፤ እሷም የምትከፈተው ወደ መንገድ ነው። ማንም አልተቃወመም። እሜቴ ጠብታ በግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

ተጠባባቂው አዲሱን ልብሱን በነጭ ካፖርት ሸፍኖ መጣ። እኅቱ ብትከለክልም በሊቀ መንበርነቱ አዞ ተማሪዎቿን በር ላይ አሰለፈ፤ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይገባበት ከውስጥ ቀረቀረና ጋዙን ለማዘጋጀት ብቻውን ቀረ። ቧንቧው ያረጀ ነበር፤ ጫን ብለው ካላዞሩት አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። ይህን የምታውቀው እኅቱ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አግዳሚው ላይ ናት።

«ትንሽ ይሸታል፣ አይዟችሁ!» አላቸው ከውስጥ። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተሳሳቁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እንደገና ተሰማ፤ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሽታው ጠፍቷል!»

ከሰልፉ መካከል አንዲት ተማሪ ክው አለች። በየዓመቱ የጮኸችው ቃል ትዝ አላት፤ እየሮጠች ወደ ግቢው ወጣች።

«መምህርት! ሽታው ጠፋ አሉ! ውስጥ ሆነው ሽታው ጠፋ አሉ!»

እሜቴ ጠብታ «በሩን ስበሩ!» ብላ ጮኸችና ራሷ ቤቱን ዞራ ወደ መንገዱ በረረች፤ አየር የሚገባው በመስኮቷ ነው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣች፤ መስተዋቱን ሰበረች። ሁለተኛውን ስታነሣ ጠባቂዎቹ ደረሱባት።

«ወንድሜ ነው! ወንድሜ ውስጥ ነው! ልቀቁኝ፣ ስለ ፈጣሪ!»

«ዝም በይ! ሰልፉ ይለፍ!»

ሰልፉ መጣ። ሞተር ብስክሌቱ፣ ባንዲራው፣ ጥቁሩ አውቶሞቢል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈው ሕዝብ ያጨበጭባል። ርዕሰ መንግሥቱ በፈገግታ እጃቸውን አነሡ። እሷ በሁለት ጠባቂ መካከል ተይዛ፣ አፏ በጓንት ታፍኖ፣ ሰልፉ እስኪያልፍ ቆመች። እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል?

ርዕሰ መንግሥቱ ጊዜ ስላጠራቸው ወደ ተማሪዎቹ ቤት ጭራሽ አልገቡም፤ በቀጥታ አዲሱን ክንፍ መርቀው ተመለሱ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአየር መሳቢያ እያመለከቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ፤ ጋሽ ሽቶም አጎንብሰው አስረዱ። መሳቢያው ግን አይሠራም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ገና አልደረሰለትም ነበር።

ለቀዋት ዞራ ስትመጣ ተማሪዎቹ በሩን ገንጥለው ወንድሟን ሣሩ ላይ አስተኝተውታል። ነጩ ካፖርቱ ቁልፉ እንኳ አልተፈታም። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ምነው አንተ ልጅ! ምነው!» አለች።

ከቀብሩ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ዲን ወደ ጓሮው ቤት መጡ። ከፊተኛው ቤት የሚስቱ ልቅሶ ይሰማል።

«አጣሪ ኮሚቴ ተሰይሟል፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚያን ዕለት ለምን እንዳልገቡ ይጠይቅዎታል። የአየር መሳቢያው ስለ ተነሣ ነው ካሉ፣ ማን ፈርዶ አስነሣው ይባላል። ያን ጊዜ ወንድምዎ የሳይንስ ሰማዕት መሆኑ ይቀርና በገዛ እጁ የጠፋ ሰው ይሆናል። እኔ ምንም አልልዎትም፤ ያስቡበት።»

ምንም አልልዎትም ብለው ሁሉን ብለዋት ሄዱ። የወንድሟ ልጅ በሩ ሥር ቆማ ነበር።

«አክስቴ፣ አባዬን ጋዙ ያሸነፈው ተማሪዎቹን ሊያድን ሲል ነው አይደል? እንደዚያ አሉ።»

እሜቴ ጠብታ ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። «አዎ፣ እንደዚያ ነው፣» አለቻት።

አጣሪ ኮሚቴው በዚያው በጉባኤው ክፍል ተቀመጠ፤ ጋሽ ሽቶም ዐይናቸውን በጨው አጥበው ከአባላቱ አንዱ ሆነው ቀርበዋል። ዘነዘናዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

«በዕለቱ ከሥራዎ ለምን ቀሩ?» ብለው ጠየቁ ሰብሳቢው።

እሜቴ ጠብታ ጋሽ ሽቶን አየቻቸው። እሳቸው ጥፍራቸውን ይመለከቱ ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሰውዬው ከነሽቷቸው አብረው ይወድቃሉ፤ ግን የሚወድቁት በወንድሟ ሬሳ ላይ ነው። ሆድ ይፍጀው አለች።

«አሞኝ ነበር።»

«ምንዎን?»

«ራሴን።»

ጋሽ ሽቶ እፎይ ሲሉ ለሁሉም ተሰማ። ኮሚቴውም የዘርፉ ኃላፊ በሥራ ገበታዋ ላይ ብትገኝ ኖሮ አደጋው ባልደረሰ ነበር ብሎ ወሰነ። ከኃላፊነቷ ተነሣች፤ ጡረታ እስክትወጣም ከእሷ በኋላ በመጡ አለቆች ሥር አስተማረች። ሊቀ መንበርነቱ ለጋሽ ሽቶ ሆነ፤ የእሳቸው ሹመት ወዲያው ጸደቀ። ወንድሟ ከሞተ በኋላ ኒሻን ተሰጠው፤ ትልቁ የትምህርት አዳራሽ በስሙ ተጠራ፤ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃልም ከስሙ ላይ ወደቀ። የአየር መሳቢያው በሄደበት ቀረ።

ዓመታት አለፉ። የአዳራሹ ኢዮቤልዩ ሲከበር አርጅታ፣ ከዘራ ይዛ፣ የሟች ቤተ ዘመድ ተብላ ተጠራች። ንግግሩ ሲሰለቻት ወደ ግቢው ወጥታ ያ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተማሪዎች አንዱን ጓደኛቸውን ያበሽቁ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ አመመኝ ብሎ ቀርቷል።

«የጠብታ ሕመም ይዞት ነው!» ብለው ተሳሳቁ።

«ምንድን ነው እሱ የምትሉት ሕመም?» አለቻቸው።

«የቆየ ነገር ነው እማማ፣» አለ አንዱ በትሕትና። «ድሮ እሜቴ ጠብታ የምትባል ሰነፍ መምህርት ነበረች አሉ። ያ አዳራሹ በስሙ የተጠራው ትልቅ ሰው የሞቱት እሷ አመመኝ ብላ ስለ ቀረች ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ አውቆ የታመመ ሰው እንደዚያ ይባላል።»

አሮጊቷ ከዘራዋን ተደግፋ ወደ ልጁ ዞረች።

«ታዲያ ዳነች ወይ?»

ልጆቹ ሳቁ፤ «እንጃ እማማ፣ እሱን ማን ያውቃል!»

ታሪክ ከዚያች ቀን የያዘው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ጀግና ስም በግድግዳ ላይ፣ የአንዲት ሰነፍ ስም በተማሪ አፍ ላይ። ሰልፉን፣ ድንጋዩን፣ አፏን የያዘውን ጓንት የሚያውቅ አልቀረም። የምታውቀው እሷም ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና ስለ ወንድሟ የሚባለውን ለመስማት ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ ሌላው ሲያጨበጭብም አብራ አጨበጨበች።