ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ፌንጣ የምትጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ እጇን ጋውኗ ኪስ ስትከት ጣቷ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ማውጣት አላስፈለጋትም፤ በዳሰሳ ብቻ አወቀችው። አጭሩ ወፍራም ብሎን ነበር።

ልቧ ስንጥቅ አለ። ብሎኑ መገኘት የነበረበት ጠረጴዛው ላይ ክንፏን ዘርግታ በተኛችው ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ነው። የአውሮፕላኗ ሆድ ደግሞ ከተዘጋ፣ ሙጫው ከደረቀና ነጭ ቀለም ከተቀባ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው።

«ፌንጣ፣ ወረንጦውን አቀብዪኝ» አለ አጠገቧ ያጎነበሰው መነጽር፣ ቀና ሳይል።

አቀበለችው። ፊቷ መለዋወጡን አላየም። መነጽር ሥራ ከያዘ ጣሪያው ቢናድም አያይም። የአጎቷ ልጅ ነው፤ አንድ ግቢ ነው ያደጉት። «መነጽር» የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፣ አንደኛ ክፍል እያሉ። እሱም እልህ ይዞት አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል «ፌንጣ» አላት። ሁለቱም ስሞች ተከትለዋቸው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዛሬ በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው ስም ጠሪው አስተማሪ ብቻ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ጥንድ ተማሪና ስድስት አንድ ዓይነት የሞዴል አውሮፕላን ሣጥን አለ። በየሣጥኑ ዘጠና ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ። የተሰጠው ጊዜ አራት ሰዓት ሲሆን አሁን የቀረው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ያሸነፉት ሁለቱ ተማሪዎች ረጅሙን ዕረፍት በአውሮፕላን ማረፊያው የጥገና ሃንጋር ውስጥ ያሳልፋሉ፤ እውነተኛ አውሮፕላን ሲፈታና ሲገጠም እያዩ፣ መፍቻ እያቀበሉ። ውድድሩ ለአሥረኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዘንድሮ ያመለጠው ለዘለዓለም አመለጠው ማለት ነው። የፌንጣ እናት እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ዛሬ ጠዋት የልጇን አንገትጌ እያስተካከለች «እኔ መጥረጊያ ይዤ የምገባበትን አንቺ መፍቻ ይዘሽ ትገቢበታለሽ» ብላታለች። ፌንጣም «አታስቢ እማዬ፣ በኪሴ ነው» ብላ ወጣች። እውነትም በኪሷ ሆኖ ቀረ።

ዳኛዋ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ የሃንጋሩ ኢንስፔክተር ናቸው። ጠዋት ሲጀመር ብዙ አልተናገሩም።

«ሁለት ነገር ነው የማየው» አሉ። «አንደኛ፣ አውሮፕላናችሁ እኔ ባመጣሁት በዚህ መስታወት ላይ ማንም ሳይነካት በሦስት ጎማዋ አንድ ደቂቃ ትቆማለች። ጭራዋ ታች ከነካ ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ቅጽ። እያንዳንዷን ሥራ የሠራው ‹ሠርቻለሁ› ብሎ ይፈርማል፤ ጓደኛው በዓይኑ አይቶ ‹አይቻለሁ› ብሎ ይፈርማል። እኛ ዘንድ ሰው የሚሳፈረው ይህን ወረቀት አምኖ ነው። ያልሠራውን የፈረመ እኔ ሃንጋር አይገባም።»

ተራ ቁጥር አሥራ አራት «ብሎኑን አፍንጫው ውስጥ ማጣበቅ» ይላል። አፍንጫዋ ካልከበደ ጭራዋ ያሸንፍና አውሮፕላኗ ቁጢጥ ትላለች። ፌንጣ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሙጫውን አፍንጫው ውስጥ ቀብታ፣ ትንሽ ጠንከር እስኪል ብላ ብሎኑን ኪሷ የከተተችውም አውቃ ነው። በዚያው ቅጽበት ግን ቀለም የሚታደልበት ጥግ ሰልፍ ሲጀመር አየችና ዘለለች። ነጩን ቀለም ከሁሉም ቀድማ ይዛ እየሳቀች ስትመለስ መነጽር የአውሮፕላኗን ሁለት ግማሾች በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃት ነበር።

«አሥራ አራትስ?» አላት።

ያኔ ውስጧን ቆንጠጥ ያደረጋት ነገር ነበር። አጎንብሳ ማየት ትችል ነበር። ግን ሰዓቱ ይሮጣል፣ መነጽር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ እንፈትሽ ካለ አሥር ደቂቃ ይበላል።

«አልቋል፣ አልቋል! ዝጋው አቦ!» አለችና ፈረመች። እሱም ከጎኗ ፈረመ።

አሁን ያ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቀነ። የፊት ጎማው የሚተከልበት ቀዳዳ ትዝ አላትና መነጽር ቀለም ሊያማስል ዞር ሲል ብሎኑን አውጥታ ሞከረችው። ጫፉ እንኳ አይገባም። ጎማውን ከአንድ ማቆሚያ ጣውላ ጋር በሙጫ ብታጣብቀውስ? ኢንስፔክተሯ ግን አውሮፕላኖቹን እያነሱ በራሳቸው መስታወት ላይ ነው የሚያቆሟቸው። ብሎኑን አውሮፕላኗ ሆድ ሥር ብትለጥፈውስ? ማንም ዕውር የለም። ሣጥኑ ጉድለት ነበረበት ብትልስ? አምስት ሌሎች ሣጥኖች አጠገቧ አሉ።

«ጣቴ! ጣቴን ክንፉ ላይ አጣበቅከው!» ብሎ አንድ ልጅ ከጎረቤት ጠረጴዛ ጮኸ።

«ማን ጣትህን አስገባ አለህ? ዘጠና ሦስተኛው ቁራጭ ነህ እንዴ?» አለው ጓደኛው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መነጽር እንኳ ሳቀ። ፌንጣ ግን በሳቁ መሃል ብሎኑን ኪሷ መልሳ ከተተች።

እጄን ልታጠብ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውኃውን ከፍታ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጠችና አለቀሰች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። መናገር ማለት አውሮፕላኗን መስበር ማለት ነው፤ በቀረው ሰዓት የተሰበረ ነገር አይጠገንም። አለመናገር ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ እስክትወድቅ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አልታወቃትም። ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

መነጽር የኋላዎቹን እግሮችና የፊቱን ጎማ ተክሎ ጨርሷል። የክንፎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ቀያይ ነጥቦች በክብሪት እንጨት ነው የቀባቸው፤ አንዷም አልፈሰሰችም። እንዲህ ያለ ሥራ ፌንጣ መቶ ዓመት ብትኖር አትሠራም።

«ደርቋል። እስቲ እናቁማት» አለ። ፊቱ ሁሉ ሳቅ ሳቅ ይላል።

«ቆይ… ትንሽ ይጠንክር።»

«ምን ነካሽ? አንቺ ነሽ ቆይ የምትይው ዛሬ?» አለና ሁለት ጣቱን ቀስ አድርጎ ለቀቃት።

አውሮፕላኗ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆመች። ከዚያ አፍንጫዋ እየተነሣ፣ እየተነሣ ሄደና ጭራዋ ጠረጴዛውን ጠቅ አደረገው።

መነጽር እንደገና አቆማት። ጠቅ። ሦስተኛ ሞከረ። ጠቅ። መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጠረገ፣ አደረገው፣ ከዚያ ማስመሪያውን አንሥቶ ጎንበስ አለ። ፌንጣ ጆሮው ሲቀላ አየች።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የኋላ እግሮቹን ወደ ፊት አስጠግቼ ተክያቸዋለሁ ማለት ነው። ግን ለክቻለሁ እኮ… ሁለቴ ለክቻለሁ…» ማስመሪያውን አስቀመጠ። «ይቅርታ ፌንጣ። ጉድ ሠራሁሽ። ላወጣቸው ነው።»

ምላጩን አንሥቶ ያን የመሰለ እግር ሥሩ ላይ አስጠጋው።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እግሮቹ ይነቀላሉ፣ አውሮፕላኗ ያኔም አትቆምም፣ ሁለቱም ይሸነፋሉ። እሱም ዕድሜ ልኩን እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያለ ይኖራል፤ ደግ ስለሆነም ቤት ገብቶ ለእናቷ ጭምር ይነግራል። እናቷም «አይዞህ የኔ ልጅ» ትለዋለች።

እጁን ያዘችው። በሌላ እጇ ብሎኑን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«አሥራ አራት።»

ብሎኑን አየ፣ አውሮፕላኗን አየ፣ እሷን አየ።

«ፈርመሻል እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተስ? ‹አይቻለሁ› ብለህ አልፈረምክም? የት አየኸው?» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምላሷን ብትቆርጠው ወደደች።

«አንቺን አምኜ ነዋ» አለ መነጽር።

አርባ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። መነጽር መሳቢያውን ስቦ ቀጭኗን የመጋዝ ምላጭ አወጣና ወደ እሷ ገፋት።

«አፍንጫዋ ላይ ባለው ጥቁር ቆብ ዙሪያ፣ መስመሩን ተከትለሽ። እኔ እጄ እምቢ ይለኛል።»

ፌንጣ ቆረጠች። በሕይወቷ ቀስ ብላ የሠራችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ምላጩ ፕላስቲኩን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ጥርሷን ያጠርሰዋል፤ ነጭ ብናኝ ጣቷ ላይ ይረግፋል። መነጽር የአውሮፕላኗን ሆድ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ ፊቱን አዙሯል። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር አፍንጫዋ ተላቆ ወደቀ። ብሎኑን አስገቡ። ቀርፋፋውን ሙጫ የሚጠብቁበት ጊዜ ስለሌላቸው ወዲያው የሚይዘውን አፈሰሱበት፤ የሙጫው ትነት ወደ ላይ ወጥቶ የፓይለቶቹን መስኮት ጉም አለበሰው።

«አይ፣ አይ፣ አይ…» አለች ፌንጣ በጨርቅ እየጠረገች። ከውስጥ ስለሆነ አይለቅም።

«ተይው። በጉም ይበሩ» አለ መነጽር። ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ቆቡን መልሰው ገጠሙት። ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፤ እሱ ጥቁር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ዙሪያውን አዞረበት። ብሩሹ እንዳይስት ክርኑን ያዘችለት። በየተራ እፍ እያሉ አደረቁት። ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር መነጽር ሁለት ጣቱን ለቀቀ።

ቆመች። ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ብለው ቆጠሩ፤ አልነቃነቅም አለች። የተቆረጠችበትን የሚያውቅ ሰው እንኳ አጎንብሶ ካልፈለገ አያገኘውም።

«አምስት ደቂቃ!» አሉ ኢንስፔክተሯ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ። «ቅጾቻችሁን ከፊታችሁ አድርጉ።»

መነጽር ቅጹን አንሥቶ ጠርዙን አስተካከለ። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ የፌንጣ ፊርማ እንደ ልማዷ ከሳጥኑ ወጥቶ ይታያል፤ ከጎኑ የእሱ፣ ትንሽና ቀጥ ያለ። ከፊታቸው የተሠራበት ሰዓት ተጽፏል።

«ማንም አያውቅም» አለ በሹክሹክታ። «ደግሞ አሁን ገብቷል አይደል? ተሠርቷል በቃ። ወረቀቱ እውነት ሆኗል።»

ፌንጣ ይህን ማመን ፈለገች። ከልቧ ፈለገች። የሃንጋሩ በር፣ የእናቷ ፊት፣ ሰማያዊው ቱታ፣ ሁሉም አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነበሩ። ኢንስፔክተሯን አየቻቸው። የዚያን ጠረጴዛ አውሮፕላን ገና አላዩትም፤ መጀመሪያ ያነሡት ቅጹን ነው። ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እያስኬዱ ያነባሉ፣ እያንዳንዱን ፊርማ፣ ሳይቸኩሉ። አንድም ጥያቄ አይጠይቁም። የተጻፈውን ያምናሉ።

መነጽር እንዳመናት።

እስክሪብቶውን አነሣች።

«ፌንጣ» አለ። «ፌንጣ፣ ተይ። ከሠራነው በኋላ?»

«ያንተን ፊርማ አልነካም» አለች። «ከጠየቁህ አታልላኛለች በል። እውነትም ነው። ስትጠይቀኝ ማስገባቴን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ዝም ብዬ ነው አልቋል ያልኩህ።»

በፊርማዋ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከጎኑ፣ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ፊደሎቿን እያሳነሰች ጻፈች፤ «ስፈርም አልሠራሁትም ነበር። በኋላ አፍንጫው ተቆርጦ ገባ።» ሰዓቱን ጽፋ እንደገና ፈረመች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ቀና አለች።

የመነጽር «አይቻለሁ» ከጎኗ ብቻውን ቀረ። ኢንስፔክተሯ ሁለተኛውን ጠረጴዛ ጨርሰው ወደ ሦስተኛው ተሻገሩ። የፌንጣና የመነጽር አራተኛው ነው። ፌንጣ የአጎቷን ልጅ ማየት አልቻለችም፤ የጫማዎቹን ማሰሪያ ነው የምታየው። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ቤት ሲገቡ አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አንድ ማዕድ እንደሚጠብቃቸው አስታወሰች።

መነጽር በረጅሙ ተነፈሰ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና ጣቱን «አይቻለሁ» ባለበት ፊርማው ላይ አሳረፈ።

«እስክሪብቶውን አምጪው» አለ።