የሰርክ ጉልበት

ሰርክ አዛናውን ያወቀችው በሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው።

አባቷ ቄስ ባየህ ከወረታ ወጣ ብሎ ረባዳው ላይ ባለች አጥቢያ ይቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ እንደማንኛውም የፎገራ ገበሬ ሱሪያቸውን ሰብስበው ማሳ ውስጥ ይውላሉ። በዚያ ዓመት ሩዙ ከተወቃ በኋላ ጆንያውን በአህያ አስጭነው ልጃቸውን ወደ ከተማ ላኩ። መፈልፈያው የአያ ደሴ ነበር። ሞተሩን የሚያሠራው ግን ከቅንድቡ ገለባ የማይጠፋ፣ ቁመቱ አጠር፣ ዐይኑ ፈጠን ያለ ወጣት ነው፤ አዛናው ይባላል።

ተራዋን ስትጠብቅ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። አዲሱ ቺንጋ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። አዛናው መሰላል ሊፈልግ ወጣ፤ ሲመለስ ቺንጋው በረዥሟ ልጅ እጅ ላይ ነው።

«መሰላል ከየት አመጣሽ?»

«ያለ መሰላል ነው ያወረድኩት።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። ሰርክ አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ የሚመጣውን ለምዳዋለች። ትምህርት ቤት «ቀጭኔ» ይሏታል፤ እቤት ደግሞ እናቷ እማዋይሽ እንኳ «ይህን ቁመት የሚመጥን ባል ከየት ይመጣል» እያሉ ያዝናሉ። አዛናው ግን አልሳቀም።

«እግዜር ሲያድል እንዲህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቅርጫት ኳስ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ከሱ የምወደው አልነበረም። ምን ያደርጋል፣ ቁመት ከለከለኝ።» ቺንጋውን ሲቀበላት ጣቶቻቸው ተነካኩ። «ነገ ከትምህርት ስትወጪ ሜዳው ላይ እጠብቅሻለሁ። ካልወደድሽው አላስቸግርሽም።»

ወደደችው። ኳሱንም፣ ልጁንም።

ከዚያ በኋላ መፈልፈያው ሲዘጋ አዛናው ገለባውን እያራገፈ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይመጣል። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ የቅርጫቱ መረብ ካለቀ ቆይቷል። እሱ ኳሱን ያቀብላታል፣ እሷ ትወረውራለች። ሲደክማቸው ከደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ቆመው ሲያወሩ እሱ ድንጋይ ፈልጎ ይወጣበታል፤ እሷ ደግሞ ጎንበስ ትላለች፤ በዚህ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ዐይኑ ውስጥ የገባ ገለባ እፍ ብላ ስታወጣለት ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው ከዚያ በፊት ከተነጋገሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ቄስ ባየህ ጨዋታውን መጀመሪያ አልወደዱትም።

«ልብሱ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጉልበት የሚሸፍን አለ፣ አባየ።»

«እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው ወደ ሰማይ አመለከቱ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ባሕር ዳር ኮሌጅ የገባች ዕለት አዛናው መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።

«እዚያ ረጃጅሞቹን ስታይ ትረሺኛለሽ» አላት።

«ሞኝ! እኔ ቁመቴን የምረሳው አንተ አጠገብ ስቆም ብቻ ነው።»

ያ ዓመት ለወረታ ክፉ ዓመት ነበር። በክረምቱ ርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን በላው፤ ከብቱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ስልኩም እንዲሁ። የተማረው ወጣት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጥሩ ወሬ ጠፋ። በዚህ መሐል ነው ከባሕር ዳር ያ ወሬ የመጣው፦ አንዲት የፎገራ ልጅ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ነባሮቹን ተጫዋቾች አስቀምጣ ኮሌጇን ከውድድር ወደ ውድድር እያሻገረች ነው።

ከተማው ተነሣ። ፎቶዋ በባጃጆች መስታወት ላይ ተለጠፈ። ገበያ ላይ እናቶች «ልጃችን» ይሏታል። ለብሔራዊ ቡድን ትመረጣለች የሚል መጣ፤ ውጭ አገር ሊወስዷት ነው የሚልም መጣ። የደጋፊዎቹ አለቃ ደግሞ አዛናው ሆነ። ያገኛት እሱ አይደል? ከበሮ አንጠልጥሎ ሻይ ቤት ወንበር ላይ ሲወጣ አጭርነቱን የሚያስታውስ አልነበረም።

ሰርክ ለውጡን ያወቀችው በስልክ ነው። በፊት ሲደውል «በላሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ይላት ነበር። አሁን «ስንት አስቆጠርሽ?» ሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ።

ለገና አገሯ ስትገባ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ከበባት። አያ ሰውመሆን የተባለ ጎረቤታቸው እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ልጄ፣ ማሳዬን ውሃ ወሰደው። በሬዬም ሞተ። አንቺ አለሽልኝ። አንቺ ብቻ አታሳፍሪን።»

«እሺ፣ አያ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

በዐቢይ ጾም መካከል፣ ልምምድ ላይ፣ ዘላ ስትወርድ ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማች። ለአሰልጣኙ ወለምታ ነው አለችው። ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ሄደች።

«ጅማቱ ተጎድቷል» አላት ሐኪሙ። «አርፈሽ ከታከምሽ ይድናል። በዚህ ላይ ከተጫወትሽ ግን፣ እህቴ፣ እኔ የማወራሽ ስለ ኳስ አይደለም። ስለ መራመድ ነው።»

የዋንጫው ጨዋታ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ጉዳዩን ያወቀችው አብራት የምታድረው ጥሩብርሃን ብቻ ናት።

«ለአሰልጣኙ ንገሪው!» አለቻት ጥሩብርሃን። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አዛናው ይመጣል። እሱ ይየው።»

ልትደውልለት ብትሞክር መስመር የለም። እናም ጠበቀች።

የወረታ ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በመንገዱ ላይ ያለችውን የሐሙሲት ከተማ በዘፈን አናውጦ፣ በጨዋታው ቀን ከረፋዱ ደረሰ። አዛናው ከሜዳው ግንብ ጀርባ አገኛት። ናፍቃው ነበር፤ ሲያያት ፊቱ በራ። እሷ ግን የሱሪዋን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰበች። ጉልበቷ እንደ ቅል አብጧል።

አዛናው ተንበረከከ። መዳፉን እላዩ ላይ አኖረ። ሙቀቱ እጁን ሲነካው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሐኪም አየሽ?»

«አየኝ።»

«ምን አለ?»

«አትጫወቺ አለ።»

ከግንቡ ወዲያ ከበሮው ይመታል። «ሰርክ! ሰርክ! የፎገራ ልጅ!» ይላሉ። አዛናው ቀና ብሎ ወደ ግንቡ አየ። ከዚያ ወደ እሷ። ከዚያ እንደገና ወደ ግንቡ። ሰርክ ትንፋሿን ይዛ ከንፈሮቹን ታያለች።

«አያ ሰውመሆን እንኳ መጥቷል» አለ በመጨረሻ። «ባሕር ዳርን አይቶ የማያውቅ ሰው። ይህን ሁሉ ሰው… ምን ብዬ ልመልሰው?»

ሰርክ የሱሪዋን ጫፍ አልለቀቀችም።

«እስከ እረፍቱ ብቻ ብትጫወቺ? ጠበቅ አድርገን ብናስረው?»

«እሰረው» አለች።

በአንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ ቀደደና አሰረላት። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

እስከ እረፍቱ ድረስ ሰርክ እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም ይባላል። ከእረፍት በኋላም አልወጣችም፤ አውጡኝ አላለችም፣ ያወጣትም የለም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱን ከአየር ላይ ቀምታ ወረደች። ጉልበቷ ወደ ጎን ታጠፈ። ጩኸቷን ሰምቶ ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ።

በቃሬዛ ወደ ሜዳው ዳር እንዳወጧት ተጋጣሚዎቹ የመጨረሻውን ነጥብ አስቆጠሩ። ዋንጫው ሄደ።

ከዚያ ከወረታዎቹ መካከል አንድ ድምፅ «ሸጠችን!» አለ። ሌላው ተቀበለው። «ኩራቷ ነው የጣላት!» «ቀጭኔ!» ሰርክ ከቃሬዛው ላይ አንገቷን አዙራ ፈለገችው። አዛናው ከበሮውን እንዳንጠለጠለ በመካከላቸው ቆሟል። እውነቱን ከወረታ ሰው ሁሉ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ቀዶ ሕክምናው ጉልበቷን ሙሉ በሙሉ አልመለሰውም። ትምህርቷን አቋርጣ በምርኩዝ ወደ አባቷ ቤት ገባች። ፎቶዋ ከባጃጆቹ መስታወት ላይ ተላጠ። ገበያ ስትወጣ ሰው ሰላም ሲላት ወደ እግሯ እንጂ ወደ ዐይኗ አያይም። እማዋይሽ ጉልበቷን በጸበል እያሹ ያለቅሳሉ። አዛናው እሑድ እሑድ እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፤ ሰርክ አትወጣም። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ ሽማግሌ መጣ። አያ ደሴና አያ ሰውመሆን ከፊት፣ አዛናው ከኋላ። ቄስ ባየህ ተነሥተው ተቀበሏቸው። ሰርክ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ አያ ደሴ። «እንደሚያዩት፣ አባታችን፣ እግሯም እንዲህ ሆኗል። ቤት ብትይዝ ለእሷም ይበጃታል። ሌላ ማን…»

«ደሴ» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የልጄን እግር ለሽምግልና አታቅርበው። ሰርክ፣ ነይ ውጪ። መልሱ ያንቺ ነው።»

ወጣች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣችና አዛናውን ብቻ ጠራችው። በረቱ ጥግ ቆሙ። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

«ለምን መጣህ?»

«ስለምወድሽ።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሰርክ። በዚህ እጄ። እንቅልፍ የለኝም። በጀርባዬም ቢሆን አዝዬሽ እኖራለሁ።»

«መታዘል አልፈልግም።»

ከማሳው የአጫጆቹ ድምፅ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ያን ቀን አትጫወቺ ብልሽ ኖሮ ትቀሪ ነበር?»

ሰርክ አሰበች። ልትዋሸው አልፈለገችም።

«አልቀርም ነበር። እምቢ ብዬህ እገባ ነበር። አያ ሰውመሆን እጄን ከያዘ ጀምሮ እኔም የራሴ አልነበርኩም።»

«ታዲያ…»

«ትለኝ ነበራ፣ አዛናው! እገባ ነበር፣ እወድቅም ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አትግቢ ያለኝ አንድ ሰው ይኖረኝ ነበር። ስወድቅም ታምማ ነው የሚል አንድ ሰው ይኖር ነበር። እኔ የጠበቅሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የአዛናው እንባ ሲወርድ ልትጠርግለት እጇ ተነሣ፤ መልሳ ምርኩዙን ያዘችበት።

ሽማግሌዎቹ እምቢታዋን ሰምተው ከሄዱ በኋላ ቄስ ባየህ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጠልተሽው ነው?»

«እወደዋለሁ፣ አባየ።»

«ታዲያ ምነው?»

«እሱም ይወደኛል። ሰው ሲበዛ ግን ይፈራል። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ሰው በበዛበት ሁሉ አንካሳ ነኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሯን ዳሰሱ።

ጥር ላይ ትምህርቷን ልትቀጥል ወደ ባሕር ዳር ተነሣች። አባቷ ሻንጣዋን ይዘው መናኸሪያ አደረሷት። አዛናው እዚያ ነበር። ከቄሱ እጅ ሻንጣውን በአክብሮት ተቀብሎ ሚኒባሱ ላይ ጫነው፤ ከእሷ ጋር ቃል አልተለዋወጠም። እሷም ምርኩዟን አስቀድማ እንደምንም ገባችና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

ከሻይ ቤቱ በር አንዱ ጮኸ፦ «ሰርክ! ዘንድሮስ ዋንጫውን ለማን ልትሸጪው ነው?» ወጣቱ ሁሉ ሳቀ።

አዛናው ዞረ።

«አትጫወትም!» አለ። ድምፁ መናኸሪያውን ሞላው። «ሰምታችኋል? አትጫወትም! ያን ቀን ጉልበቷ ታምሞ ነበር፤ አውቅ ነበር! አስሬ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ስትሰድቧት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ! የምትሰድቡት ከፈለጋችሁ ይኸው፣ እኔን ስደቡ!»

ሳቁ ቆመ። አያ ደሴ ከደጃፋቸው ብቅ ብለው ባሉበት ቀሩ። አንድ ወጣት ከተቀመጠበት ተነሥቶ «አንተ ነህ ለካ!» አለና ወደ አዛናው ተራመደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዛናው አልሸሸም። በሰዎቹ መሐል ተውጦ ሳለ ፊቱን ወደ መስኮቱ ቀና አደረገ፤ ዐይኗን አገኘው።

ሰርክ ሳታስበው ልትነሣ የፊቱን ወንበር ጨበጠች። ጉልበቷ ግን ቶሎ አይዘረጋም። እሷ ከመቀመጫዋ ሳትላቀቅ ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጣ።

ረዳቱ ዞር ብሎ አያት። ግማሽ ቆማ፣ ግማሽ ተቀምጣ ነበር።

«ወራጅ አለ እንዴ?» አላት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ይጠብቃታል። በመስኮቱ በኩል የታጨደው ማሳ መሮጥ ጀምሯል።

«የለም» አለች፤ ቀስ ብላም ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ሴት የነጠላዋን ጫፍ እስክታቀብላት ድረስ ፊቷ በእንባ መራሱን እንኳ አላወቀችም። ሐሙሲትን ያለፉት እንዲሁ ዝም እንዳሉ ነው።