የአዝመራው እግር ልጓም

አዝመራውን አልጋው ላይ ሞቶ ያገኙት አባቱ አያ ፀጋው ናቸው። ሊቀሰቅሱት ገብተው።

ፊቱ ላይ ስቃይ አይታይም። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ግን ሳጅን ውብአየሁ ክው አለ። የሟቹ ቀኝ ጭን አብጦ፣ ጠቁሮ፣ የግራውን እጥፍ አክሏል።

ከቆሰበር እስከ ጥርባ ወሬው አንድ ሆነ። «ኤሌክትሪኳ ልጅ ገደለችው።»

ዮርዳኖስን ማለታቸው ነው። አዝመራው ከፈረስ ወድቆ ከወገቡ በታች በድን ከሆነ ወዲህ፣ እግሩን በኤሌክትሪክ ማሽን የምታንቀሳቅስለት ባለሙያ ናት። ሳጅኑ ከተቆጣው ሰው በስንት መከራ አስጥሎ ጣቢያ አስገባት።

«ትናንት ስትሄጂ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ ጭኑን ምን ሰበረው? አስከሬኑን ያየው ሐኪም አጥንቱ ተሰብሮ ደም ውስጥ ለውስጥ ፈሶ ነው የሞተው ይላል።»

እንባዋን ጠረገች። «ጉልበቱ ላይ የሚታሰር መለኪያ አለ። እግሩ ምን ያህል እንደተዘረጋ ለማሽኑ ይነግረዋል። ሲበቃ ማሽኑ ኃይሉን ይቀንሳል።»

«ከተፈታስ?»

«እግሩ ገና አልተዘረጋም ብሎ እየጨመረ ይሄዳል። የሽባ እግር አጥንቱ የሳሳ ነው፤ የገዛ ጡንቻው ይሰብረዋል።»

«ይህን ለቤተሰቡ ነግረሻል?»

«ልጓሙ ነው አልኳቸው። ፈረሰኞች ናቸው፣ ይገባቸዋል ብዬ።»

ሳጅኑ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰ። መለኪያው ከነገመዱ፣ ከማሽኑ ሳይነቀል፣ አልጋው ራስጌ ካለው ችንካር ላይ እጥፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከፈረሱ ልጓም ጋር፣ በወጉ ተሰቅሎ። የፈታው ሰው ተንኮለኛ ቢሆን ወርውሮት ይሄድ ነበር።

«አያ ፀጋው፣ ልጓሙን ማን ፈታው?»

ሽማግሌው የትኛውን ልጓም ብለው አልጠየቁም።

«እኔ ነኝ። የፈረሰኞቹ በዓል ደረሰ፤ ልጄ እንደ ድሮው እንዲጋልብበት ፈለግሁ። ልጅቱ እግሩን በዝግታ ታነሳለች፣ መልሳ ታወርዳለች። ልጓም ተይዞ እንዴት ይጋለባል? እሷ ስትወጣ ፈታሁና ማሽኑን አበራሁት።»

ዮርዳኖስ ነፃ ወጣች ማለት ነው። ሳጅኑ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስታ ግን ከየት ይምጣ።

«ሲሰበር አልጮኸም?»

«ምን ተሰምቶት? እግሩ ሽቅብ ሲፈናጠር ‹አባዬ፣ ጋለበ› ብሎ ሳቀ። ቋ ያለ ነገር ሰማሁ፤ ጅማቱ ተፍታታ አልኩ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉለት።

«ሲመሻሽ ጭኑ ሞላ፣ ልጄ። እንጨት ሆኖ የኖረ እግር። ስጋ ያዘ ብለን፣ እሱም እኔም በየተራ ስንደባብሰው አመሸን።»